የጋራ ካርታና የጋራ ቃል

ካርታ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ ፈጥኖ የሚመጣው በክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ ብዙ ቀለም ወረቀት ነው። ያን ካርታ ማን እንደ ሠራው፣ ስሕተት ቢገኝበትም ማን እንደሚያርመው ብዙ ጊዜ አንጠይቅም፤ ካርታ ከባለሙያ ቢሮ ተሠርቶ የሚመጣ፣ እኛም ተቀብለን የምናነበው ነገር ይመስለናል። ዛሬ ግን በዚህ ሥራ ትልቅ ለውጥ ተደርጓል። በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ፣ እርስ በርሳቸው በዓይን የማይተዋወቁ ብዙ ሺህ ሰዎች ያለ ደመወዝ ተባብረው የዓለምን ካርታ ይሠራሉ፤ ካርታው የሚሠራበትንም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽፈው ለሁሉ በነፃ ይሰጣሉ።

በአገራችን ገበሬ እህሉ ሲደርስለት ጎረቤቶቹን ለደቦ ይጠራል። ደቦ የወጣ ሰው ማጭዱን ይዞ መምጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ከየት እስከ የት እንደሚታጨድ፣ ነዶውም የት እንደሚከመር ከባልንጀሮቹ ጋር መስማማት አለበት። የካርታም ደቦ እንደዚሁ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ካርታን በጋራ ለመሥራት አስቀድሞ በቃል መስማማት ያስፈልጋል፤ ቃሉ ያልተስማማ ካርታ መንገደኛን ያሳስታል፤ በክፉ ቀንም ነፍስ ሊያስጠፋ ይችላል። አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን ነው።

የሄይቲ መከራ ያስተማረው

ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ይኸውም በ2010 መጀመሪያ፣ በካሪብ ባሕር በምትገኘው በሄይቲ ልኩ 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ዋና ከተማዋ ፖርት ኦ ፕረንስ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ፈራረሰች። ከልዩ ልዩ አገር የመጡት ነፍስ አድን ሠራተኞች የትኛው መንገድ እንደሚያሳልፍ፣ ሆስፒታሉ በየት በኩል እንደሚገኝ፣ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች የት እንደ ሰፈሩ የሚያሳይ በቂ ካርታ አልነበራቸውም።

በዚያን ጊዜ ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው የጋራ ካርታ ከተጀመረ ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ይህን ካርታ በ2004 የመሠረተው ስቲቭ ኮስት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ምክንያቱም በእንግሊዝ አገር የመንግሥቱ የካርታ መሥሪያ ቤት የሚያዘጋጀው ዝርዝር መረጃ ማንም እንደ ልቡ የሚገለገልበት አልነበረም፤ ዋጋና ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ራሱ በየመንደሩ እየዞረ ለክቶ የራሱን ካርታ ቢሠራስ የሚል አሳብ አመጣ።

የሄይቲ ወሬ እንደ ተሰማ የሳተላይት ኩባንያዎች አዲስ የተነሡትን ፎቶግራፎች ለሥራው ፈቀዱ፤ በየአገሩ የሚገኙ በመቶ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞችም በየቤታቸው ተቀምጠው ከፎቶግራፉ ላይ መንገዱን፣ ድልድዩንና ሕንፃውን ይስሉ ጀመር። ቀን ከሌሊት ስለ ተሠራ በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ የነበረው ቦታ በመንገድ ተሞላ። ነፍስ አድን ሠራተኞችም ይህንን ካርታ በጂፒኤስ መሣሪያቸው ላይ ጭነው ተመሩበት።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። በልዩ ልዩ አገር ሆነው በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚነጋገሩ ሰዎች አንድ ካርታ ሲሠሩ እንዴት ተግባቡ? አንዱ «የፈረሰ ቤት»፣ ሁለተኛው «ፍርስራሽ»፣ ሦስተኛው «አደጋ የደረሰበት ሕንፃ» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ ሦስት ልዩ ልዩ ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የፈረሱትን ሁሉ አውጣልኝ ቢባልም ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያወጣል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ለፈረሰ ሕንፃ አንድ ቃል፣ ተፈናቃዮች በየሜዳው ለሰፈሩበት ቦታ አንድ ቃል፣ ለማያሳልፍ መንገድም አንድ ቃል ወስነው ሁሉም በዚያው ጻፉ። ያን ጊዜ የቃል ስምምነት የሰዋስው ክርክር ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

ካርታ ከምን ከምን ይሠራል?

በኮምፒዩተር የሚሠራ ካርታ በሁለት ዓይነት መንገድ ይቀመጣል። አንደኛው ቬክተር ይባላል። በዚህ ዓይነት ማናቸውም ነገር በነጥብ፣ በመስመር ወይም በተከበበ ስፋት ይገለጻል። ለምሳሌ የትምህርት ቤታችንን በር በነጥብ፣ አጥሩን በመስመር፣ ሜዳውን በስፋት ልናሳየው እንችላለን። በኦፕን ስትሪት ማፕ ነጥቡ ኖድ፣ ነጥቦች ተያይዘው የሚሠሩት መስመር ዌይ ይባላል፤ ብዙ መንገዶችን አንድ አድርጎ የሚይዘው፣ ለምሳሌ የአንድ አውቶቡስ መሥመር፣ ሪሌሽን ይባላል።

ሁለተኛው ራስተር ይባላል። ይህ እንደ ሒሳብ ደብተር በትናንሽ ካሬ የተከፋፈለ ገጽ ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ ፒክስል ሲባል በውስጡ አንድ ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ ቀለም፣ የቦታ ከፍታ ወይም የዝናብ መጠን ሊሆን ይችላል። ካሬው ምድር ላይ የሚሸፍነው ስፋት የምስሉ ጥራት መለኪያ ነው። ሰንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮጳ ሳተላይቶች በሚያነሡት ምስል ትንሹ ካሬ ምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። እንግዲህ በዚህ ምስል ጫካና እርሻ ይለያሉ እንጂ አንዲት ጎጆ ለብቻዋ ተለይታ አትታይም። ይህን ያልተረዳ ሰው ምስሉን አይቶ «በዚህ ቦታ ቤት የለም» ቢል በባለቤቶቹ ላይ በደል ይፈጽማል።

ነጥብና መስመር ብቻቸውን ዲዳ ናቸው። የሚናገሩት ታግ ሲጨመርላቸው ነው። ታግ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው የጥያቄው ስም፣ ሁለተኛው መልሱ ነው። «ዓይነቱ ምንድን ነው?» ለሚለው «ትምህርት ቤት»፣ «ስሙ ማን ነው?» ለሚለው ደግሞ ራሱ ስሙ ይጻፋል። ለሁሉ እንዲያመች የጥያቄዎቹ ስም በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተስማምተዋል፤ የቦታው ስም ግን በአገሩ ቋንቋና ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ቦታ በአማርኛ የሚጠራበትን ስም በራሳችን ፊደል ለማስገባት የተወሰነ ሥፍራ አለ።

ከዚህ ሌላ ሜታዳታ የሚባል ነገር አለ። ይኸውም ስለ መረጃው የሚሰጥ መረጃ ነው፦ ማን ለካው? መቼ? በምን መሣሪያ? ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ለዳኛ ማስረጃነቱ ደካማ እንደሚሆን ሁሉ ሜታዳታ የሌለውም ካርታ ለማመን ያስቸግራል።

«የት ነው?» ለማለት

የአንድ ቦታ አድራሻ በምድር ላይ የሚነገረው በኬክሮስና በኬንትሮስ መሆኑን በጂኦግራፊ ትምህርት ተምረናል። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38.75 ዲግሪ ግድም ትገኛለች። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው አስቀድሞ ይጻፍ? መርከበኞችና ቀያሾች ከጥንት ጀምሮ ኬክሮስን ሲያስቀድሙ ኖረዋል። የኮምፒዩተር ሰዎች ደግሞ በሒሳብ ትምህርት አግድም የሚሄደው ቁጥር ስለሚቀድም ኬንትሮስን ማስቀደም ይወዳሉ፤ ጂኦጄሰን የሚባለው በሰፊው የታወቀ የካርታ መረጃ አጻጻፍም ኬንትሮስ ይቅደም ብሎ ደንግጓል። አንዱ በአንደኛው ሥርዓት የጻፈውን ሌላው በሁለተኛው ሥርዓት ቢያነበው ምን እንደሚሆን እንይ። የአዲስ አበባ ቁጥሮች ቢገለበጡ ከተማችን ከነሕዝቧ ሜዲቴራኒያን ባሕር ውስጥ፣ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተ ደቡብ ትገባለች! ይህ ዓይነት ስሕተት የሚያስቅ ቢሆንም በየጊዜው የሚያጋጥም ነው።

ከዚህ የበለጠ ስውር የሆነው ችግር ዳተም የሚባለው ነው። በቀድሞ ዘመን ገበሬዎቻችን መሬትን በጥማድ ይለኩ ነበር፤ ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ነገር ግን የበሬው ጉልበትና የአፈሩ ክብደት ከአገር አገር ስለሚለያይ የአንዱ አገር ጥማድ ከሌላው ጋር አይተካከልም ነበር። ስለዚህ «አምስት ጥማድ» ያለ ሰው በየትኛው አገር ጥማድ እንደ ሆነ ካልተናገረ ጠብ ያተርፋል። ኬክሮስና ኬንትሮስም እንዲሁ ናቸው። ምድር ፍጹም ድቡልቡል ስላልሆነች ቀያሾች ቅርጿን የሚመስል ልክ መርጠው፣ መነሻ የሚሆን ቦታ ወስነው ይለካሉ፤ ያ ልክና ያ መነሻ አንድ ላይ ዳተም ይባላል።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ብዙዎቹ ባለ 1:50,000 የወረቀት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው፤ አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ በአባይ ወንዝ አካባቢ የሚገኝ የቅየሳ ነጥብ ነው። በኪሳችን ያለው ጂፒኤስ ግን የሚሠራው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባለው ዳተም ነው። አንድ ሰው ከወረቀቱ ካርታ ላይ ያነበበውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ሳይለውጥ በጂፒኤስ ቢከተለው፣ ከሚፈልገው ቦታ ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል። ለአውሮፕላን ተሳፋሪ ይህ ርቀት ምንም አይደለም፤ የውኃ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር ወይም የመሬት ወሰን ለሚያስከብር ሰው ግን ሙሉ ማሳ ማለት ነው። ቁጥሩ አልዋሸም፤ የጎደለው የዳተሙ ስም ብቻ ነው።

ደግሞም ድቡልቡሉን ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ማስፈር ያስፈልጋል፤ ይህ ጥበብ ፕሮጄክሽን ይባላል። የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀደድ ወይም ሳይለጠጥ በጠረጴዛ ላይ እንደማይዘረጋ ሁሉ ምድርም ያለ አንዳች መዛባት አትዘረጋም። መርካቶር በ1569 ያወጣው ፕሮጄክሽን ለመርከበኞች አቅጣጫን ጠብቆ ሲረዳቸው ስፋትን ግን አዛብቷል፤ በዚያ ካርታ ግሪንላንድ አፍሪካን የሚያህል ይመስላል፤ በእውነቱ ግን አፍሪካ ከግሪንላንድ 14 እጥፍ ያህል ትበልጣለች። ለአገር ውስጥ ልኬት ብዙ ጊዜ የምንሠራበት ዩ ቲ ኤም የሚባለው ነው፤ እርሱም ዓለምን በ60 ቀጠና ሲከፍል ኢትዮጵያ በ36ኛው፣ በ37ኛውና በ38ኛው ውስጥ ትገኛለች።

ይህን ሁሉ በየጊዜው በረጅም ቃል ከመጻፍ ለማዳን ለእያንዳንዱ የዳተምና የፕሮጄክሽን ጥምረት አንድ ቁጥር ተሰጥቶታል። እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ የሰበሰቡት የአውሮጳ የነዳጅ ፍለጋ ቀያሾች ናቸው። 4326 ሲባል የጂፒኤሱ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ 20137 ሲባል የአዲንዳን 37ኛ ቀጠና መሆኑን በዓለም ያሉ የካርታ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። አንድ ቁጥር ብቻ መጻፍ ያን ሁሉ ስሕተት ያስቀራል።

ፕሮግራሙን የሚጽፉት እነማን ናቸው?

የካርታ ፕሮግራም መግዛት ለድሃ መሥሪያ ቤትና ለተማሪ ከባድ ነው። ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም፣ በእንግሊዝኛው ኦፕን ሶርስ የሚባለው፣ ማንም ሰው ውስጡን ገልጦ ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የተፈቀደለት ነው። በነፃ መገኘቱ አንድ ጥቅም ሲሆን ዋናው ጥቅም ግን መመርመር መቻሉ ነው። የመሬት ስፋት ያሰላ ፕሮግራም በምን ዘዴ እንዳሰላ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አሠራሩን ገልጦ ለማየት ይችላል።

ከነዚህ ፕሮግራሞች ቀደምቱ ግራስ የሚባለው ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ለጦሩ የተያዘውን ሰፊ መሬት አያያዝ ለማስተዳደር በ1982 በኢሊኖይ ጀመሩት። በ1990ዎቹ መካከል ጦሩ ሥራውን ሲያቆም ፕሮግራሙ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ሊቀር ነበር፤ ነገር ግን በአሜሪካና በጀርመን አገር የሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አንሥተው አሳደጉት፤ ዛሬም ይሠራበታል። በነጋዴ እጅ ብቻ የነበረ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ሲተወው ይሞት ነበር። እንዲሁም ጋሪ ሸርማን የሚባል ሰው በ2002 በአላስካ የጀመረው ኪው ጂ አይ ኤስ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ተማሪዎችና መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩበት ሆኗል።

እነዚህን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች የሚጽፉት ማኅበረሰቦች በ2006 ኦ ኤስ ጂኦ የሚባል አንድ የጋራ ድርጅት አቆሙ። ይህ ድርጅት ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን የቃላትንም ጉዳይ የሚመለከት ኮሚቴ አለው፤ ኮሚቴውም የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ከሚያዘጋጀው የመልክዐ ምድር መዝገበ ቃላት ጋር እየተመካከረ የየፕሮግራሙን ቃላት ያስማማል። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቃላትን የሚመለከት ኮሚቴ ማቆማቸው በመጀመሪያ ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን የሄይቲን ነገር ላስታወሰ ሰው አያስገርምም።

መንገድ ማለት ምን ማለት ነው?

በቃል መስማማት እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ኦፕን ስትሪት ማፕ የተጀመረው በእንግሊዝ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ቃላት የእንግሊዝን አገር ይመስላሉ። እንግሊዞች መንገዳቸውን በመንግሥት ደረጃ ከፋፍለው ስለ ሰየሙት የካርታው የመንገድ ደረጃ ከዚያ ተወሰደ። ይህ ቃል ወደ አፍሪካ ሲመጣ ግን ችግር ተነሣ። ሁለት ትላልቅ ከተሞችን የሚያገናኝ፣ ነገር ግን አስፋልት ያልለበሰ የጠጠር መንገድ ዋና መንገድ ይባላል ወይስ ተራ መንገድ? ብዙ ሩቅ ሆነው የሚሠሩ ሰዎች በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ ቡናማ ሆኖ ስላዩት ተራ መንገድ አደረጉት። በአፍሪካ የሚሠሩት ሰዎች ግን የመንገድ ደረጃ የሚለካው በጠቃሚነቱ እንጂ በልብሱ አይደለም ብለው ተከራከሩ፤ አስፋልት ወይም ጠጠር መሆኑ በሌላ ታግ ለብቻው ይጻፍ ተባለ። እንዲህ ባይሆን ኖሮ እህልና መድኃኒት የሚመላለስበት ብቸኛ መንገድ በካርታው ላይ ከእግር መንገድ ጥቂት የተሻለ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀር ነበር።

ወንዝም እንዲሁ ነው። ዓመቱን ሁሉ ለሚፈስ ወንዝና በክረምት ብቻ ለሚሞላ ጅረት አንድ ሰማያዊ መስመር ብቻ ቢሰጥ፣ በበጋ ካርታውን ተማምኖ ከብቱን ውኃ ሊያጠጣ የሚነዳ ሰው ደረቅ አሸዋ ያገኛል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚፈስ ውኃ የራሱ ታግ ተወስኗል። ታጉን የሚጽፈው ግን ወንዙን በሁለቱም ወራት ያየ ሰው መሆን አለበት።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ

ከዚህ የምንማረው፣ ሳተላይት ጣራን ያሳያል እንጂ የቤቱን ባለቤት፣ የሰፈሩን ስም፣ ጎርፉ የት ድረስ እንደሚደርስ አያሳይም። ይህን በሚገባ ያሳየው በታንዛኒያ በ2015 የተጀመረው ራማኒ ሁሪያ የሚባለው ሥራ ነው፤ ትርጓሜውም በስዋሂሊ «ነፃ ካርታ» ማለት ነው። የዳሬ ሰላም ከተማ በየጊዜው በጎርፍ ትጠቃለች፤ ብዙ ሰፈሮቿም ያለ ፕላን የተሠሩ ስለ ሆኑ በበቂ ዝርዝር በካርታ አልተያዙም ነበር። የዳሬ ሰላምና የአርዲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር ሆነው በየመንደሩ በእግራቸው ዞሩ። ቤቱን፣ መንገዱንና የውኃ ማፋሰሻውን መዘገቡ፤ ጎርፍ የሚያጠቃቸውን ቦታዎች ከነዋሪዎቹ ጠይቀው ተረዱ። የሰበሰቡትን ሁሉ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ አሰፈሩት። በ2018ም የክፍት ምንጭ ካርታ ፕሮግራም ሰዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን በዚያችው በዳሬ ሰላም አደረጉ።

እነዚህ ተማሪዎች ከእኛ በጥቂት ዓመት ብቻ የሚበልጡ ናቸው። የያዙትም መሣሪያ ስልክና በነፃ የተገኘ ፕሮግራም ነበር። ነገር ግን ከሁሉ የበለጠው ሀብታቸው የአገሩን ቋንቋ ማወቃቸውና የአገሩን ሰው መጠየቃቸው ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በካርታም ይሠራል።

በእኛም አካባቢ ያለው ነገር ሳይጻፍ ብዙ ነው። የምንጩን ስም፣ በክረምት የሚቆረጠውን መንገድ፣ ገበያው የሚውልበትን ቀን ከአያቶቻችን በቀር የማያውቅበት ቦታ አለ። እነርሱ ሲያልፉ ዕውቀቱም አብሮ ያልፋል። ወላጆችና አያቶች ስሙን ቢነግሩን፣ መምህራንም የልኬቱን ሥርዓት ቢያሳዩን፣ እኛ ደግሞ በትክክል ብንጽፈው ሥራው ለአንድ ሰው አይከብድም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እንግዲህ ነጥብ ስናስቀምጥ ዳተሙን እንጻፍ፤ ስም ስንጽፍ የቦታውን ሰው እንጠይቅ፤ ታግ ስንመርጥ ሌሎች የተስማሙበትን ቃል አስቀድመን እንመልከት፤ የተስማሙበት ቃል አገራችንን የማይመስል ሆኖ ሲገኝም ዝም ብለን ከመቀበል ምክንያታችንን አስረድተን እንከራከር። ካርታው የሁሉ ስለ ሆነ ቃሉም የሁሉ መሆን ይገባዋል።